የጓያ ሽባነትን አንድ ሙያ ብቻውን አይወጣውም

ጓያ ዝናብ ሲያጥር ደገኛውን ከረሃብ የሚያተርፍ እህል ነው። ለወራት ያለ ሌላ እህል ሲበላ ግን በውስጡ ያለው ኦዳፕ የተባለ መርዝ እግርን የሚያዙ ነርቮችን ይጎዳል። ታማሚው ባቱ ይገተራል፣ ተረከዙ መሬት አይነካም፣ ሲራመድ ጉልበቶቹ ይፋተጋሉ። አእምሮው ግን ደህና ነው። አብዛኞቹ ታማሚዎች ወጣት ወንዶች ናቸው፤ የቤት ምሰሶ የሚሆኑት።

እ.ኤ.አ. በ1999 ላንሴት መጽሔት ላይ የወጣውን የደላንታ ዳውንት የጓያ ሽባነት ወረርሽኝ ጥናት የሠሩት የማኅበረሰብ ጤና ባለሙያ፣ የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት እና የቤልጂየሟ ጌንት ከተማ ባዮኬሚስት በጋራ ሆነው ነው። ምክንያቱም ጥያቄው ከማሳ ይጀምርና ወጥ ቤት ገብቶ ነርቭ ላይ ያርፋል።

የጤናና የእርሻ ባለሙያዎች ሥልጠናችንም እንዲሁ በጋራ መሆን አለበት። የነርቭ ሐኪሙ ጉዳቱን ይለያል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ጅማቱ እንዳያጥር ያፍታታል፣ ምርኩዝ በልኩ ያስተካክላል፣ ለውጡን በየጊዜው እየለካ ይመዘግባል። የእርሻ ተመራማሪው መርዙ ያነሰበትን ዘር ይፈልጋል።

ለምሳሌ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የአሥራት ወልደየስ ጤና ሳይንስ ካምፓስም፣ የግብርና ኮሌጅም አለው። የሁለቱ ተማሪዎች መንዝ፣ ግሼና መርሐቤቴ አብረው ወርደው ቢያጠኑ ትልቅ ሥራ ይሠራሉ።

እስከዚያው ለቤተሰብ ንገሩ፦ ጓያን ዘፍዝፉና ውኃውን ድፉ፤ ከገብስ ወይም ከስንዴ ጋር ቀላቅሉ። እግር ድንገት ከከበደ ጓያውን አቁማችሁ ሳትዘገዩ ጤና ጣቢያ ሂዱ።