የዲትሮይት ከተማ መድከምና የከንቲባዎቿ ኀላፊነት

በጁላይ 18 ቀን 2013 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቈጣጠር ሲሆን ከዚህ በታች የሚጠቀሰውም ዘመን ሁሉ እንዲሁ ነው) የአውቶሞቢል ከተማ እየተባለች ስትጠራ የኖረችው ዲትሮይት ዕዳዋን ለመክፈል እንዳልቻለች ገልጣ ከፍርድ ቤት ጥበቃ ጠየቀች። ዕዳዋ 18 ቢሊዮን ዶላር ያህል ይገመት ነበር። በአሜሪካ ታሪክ ይህን ያህል ዕዳ ይዞ ኪሳራውን ያስታወቀ ሌላ ከተማ የለም። ከዚያን ቀን በፊትም ሆነ በኋላ፣ ከተማይቱን ለዚህ ያበቃት የትኛው ከንቲባ ነው የሚለው ክርክር አልተቋረጠም። አንዱ ወገን ሃያ ዓመት ያስተዳደሩትን ኮልማን ያንግን ይወቅሳል፤ ሁለተኛው ከእርሳቸው አስቀድመው የነበሩትን አልበርት ኮቦን ይከሳል፤ ሦስተኛው ደግሞ ወህኒ የወረዱትን ክዋሜ ኪልፓትሪክን ይጠቅሳል።

ነገሩ ለነጋዴ ከወሬ ያለፈ ጉዳይ አለው። ታላቅ ፋብሪካ ከተማው ባይስማማው ዕቃውን ጠቅልሎ ወደ ሌላ ስፍራ ይሄዳል። ባለሱቁ ግን ደንበኛውን ጠቅልሎ ሊሄድ ስለማይችል፣ የማዘጋጃ ቤቱ ውሳኔ ጥቅሙም ሆነ ጉዳቱ አስቀድሞ የሚደርሰው እርሱ ዘንድ ነው። ስለዚህ ከንቲባዎቹን በስማቸው ብቻ ሳይሆን፣ እንደ ሒሳብ መዝገብ በየቀናቸው እየለየን ብንመለከታቸው ይሻላል።

በመጀመሪያ ቍጥሩን እናስቀድም። በ1950 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ የዲትሮይት ነዋሪ 1,849,568 ነበር። በ1960 ወደ 1,670,144 ወረደ፤ በ1970 አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል ብቻ ቀረ። በ1990 1,027,974፣ በ2010 713,777፣ በ2020 639,111 ሆነ። አንባቢ ልብ ይበል፤ የመጀመሪያው የመቶ ሰማንያ ሺሕ ሰው ጕድለት የደረሰው ከተማይቱ ገና ባለጸጋ፣ ከንቲባዎቿም የሚመሰገኑ በነበሩበት ዘመን ነው። በክርክሩ መካከል ብዙውን ጊዜ የሚዘነጋው ይህ ነው።

የዚህም ዋናው ምክንያት የሥራው መሸሽ ነበር። የከተማይቱን ታሪክ የጻፉት ፕሮፌሰር ቶማስ ሱግሩ እንዳሰሉት፣ ከ1947 እስከ 1963 ባለው ጊዜ ዲትሮይት 134,000 የፋብሪካ ሥራ አጥታለች። ጄኔራል ሞተርስ፣ ፎርድና ክራይስለር ከ1947 እስከ 1958 ድረስ በአካባቢው 25 አዲስ ፋብሪካዎች ሲያቆሙ፣ ሁሉንም የሠሯቸው በከተማይቱ ዙሪያ በሚገኙት መለስተኛ ከተሞች ነው። አዲሱ አሠራር መኪናው ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ወለል ላይ እንዲገጣጠም ስለ ጠየቀ ሰፊ መሬት ያስፈልግ ነበር፤ ሰፊ መሬት ደግሞ በመሐል ከተማ አልተገኘም። አነስተኞቹ ኩባንያዎችም አልቈዩም። የሀድሰን መኪና ሠሪ ኩባንያ በ1954 ከናሽ ኩባንያ ጋር ተዋሕዶ ሥራው ወደ ዊስኮንሲን ተዛወረ። ፓካርድም በ1956 የዲትሮይቱን ፋብሪካ ዘጋ። ዲትሮይት ወሰኗን ለመጨረሻ ጊዜ ያሰፋችው በ1926 ስለ ነበር፣ ፋብሪካው ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በሄደ ቍጥር ግብሩ የሌላ ማዘጋጃ ቤት ሆነ። ይህን ማንም ከንቲባ በራሱ ሥልጣን ሊያስቀረው አይችልም ነበር። ከንቲባዎቹ በትክክል የሚጠየቁት፣ ሥራው ሲሸሽ በእጃቸው በቀረው ሀብት ምን አደረጉበት ተብለው ነው።

አልበርት ኮቦ ከ1950 ጀምሮ በ1957 እስከ ሞቱ ድረስ ከንቲባ ነበሩ። በኩባንያ ሥራ ያደጉ፣ ኋላም የከተማይቱ ገንዘብ ያዥ የነበሩ ሰው ስለ ሆኑ በሒሳብ አያያዛቸው የታመኑ ነበሩ። ሥልጣን በያዙ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በልዩ ልዩ ሰፈሮች ሊሠሩ ከታቀዱት የመንግሥት ኪራይ ቤቶች መካከል ስምንቱን ዕቅዶች ሰረዙ። በአንጻሩ የፈጣን አውራ ጎዳናዎችን ሥራ አጥብቀው ገፉበት። በኤድሰል ፎርድ ስም ለተጠራው ጎዳና ብቻ 2,800 ያህል ሕንጻዎች ፈረሱ።

በዚህ ጊዜ ከጠፉት ሰፈሮች ዋነኛው ብላክ ቦተም የሚባለው የጥቁሮች ሰፈርና በአጠገቡ የሚያልፈው ሄስቲንግስ ጎዳና ነው። ጥቁር ነዋሪዎች በአብዛኛው የከተማው ክፍል ቤት እንዳይገዙና እንዳይከራዩ በውልና በባንክ አሠራር ተከልክለው ስለ ኖሩ፣ ንግዳቸው ሁሉ በዚህ በአንድ ጎዳና ላይ ተሰብስቦ ነበር፤ ግሮሰሪው፣ ልብስ ሰፊው፣ መድኃኒት ቤቱ፣ ሆቴሉና የሙዚቃው ቤት ሁሉ በዚያ ይገኙ ነበር። ሰፈሩ ያረጀና የተጨናነቀ መሆኑ አይካድም፤ የማፍረሱም ሐሳብ ከኮቦ በፊት የተጀመረ ነው። ነገር ግን ቤቱ ከተናደ በኋላ መሬቱ ለብዙ ዓመታት አረም እያበቀለ ባዶውን ቈየ። በ1950ዎቹ መጨረሻ አዲሶቹ መኖሪያ ሕንጻዎች ሲቆሙም ኪራያቸው የቀድሞዎቹን ነዋሪዎች ዐቅም የሚያልፍ ሆነ። ሄስቲንግስ ጎዳና ደግሞ በክራይስለር አውራ ጎዳና ተተካ። ካሳ የሚገባው በሕግ ለመሬቱና ለሕንጻው ባለቤት ስለ ነበረ፣ ተከራይ የነበረው ነጋዴ ለደንበኛውና ለዓመታት ላፈራው መልካም ስም የሚያገኘው ዋጋ አልነበረም። ነጋዴ የሆነ ሁሉ ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃል። ሱቁ በሌላ ሰፈር ሊከፈት ይችላል፤ በዱቤ ወስዶ በወሩ መጨረሻ የሚከፍለው ጎረቤት ግን አብሮ አይመጣም።

መንገዱም የታሰበለትን አልፈጸመም። ገዢውን ወደ መሐል ከተማ ያመጣል ተብሎ ተሠራ፤ ይልቁንም ነዋሪውን ወደ ዳር አወጣው። ጄ. ኤል. ሀድሰን የተባለው የዲትሮይት ታላቅ መደብር ራሱ በ1954 ከከተማይቱ ወሰን ውጭ ኖርዝላንድ የሚባለውን የገበያ ማእከል ከፈተ፤ የመሐል ከተማው መደብሩም በ1983 ተዘጋ። በከተማው ውስጥ ይመላለስ የነበረው የኤሌክትሪክ ባቡር በ1956 ቀርቶ ነበር። በእኔ አስተያየት ከሁሉም ከንቲባዎች ይልቅ ለነጋዴው ጠንቅ የሆነው ይህ የተመሰገነው ዘመን ነው።

ስለ ጄሮም ካቫና ብዙ መናገር አያሻም። በ1962 ሥልጣን ሲይዙ ዕድሜያቸው 33 ዓመት ነበር። በዚያው ዓመት በሠራተኛ ገቢ ላይ ከመቶ 1 የከተማ ግብር ጣሉ፤ ከዋሺንግተንም ብዙ ርዳታ አስገኙ። በ1967 ሐምሌ የተነሣው ሁከት 43 ሰዎች ሞተውበት፣ ከ2,000 በላይ ሕንጻዎች ተቃጥለውበት ሲያበቃ ግን ያ ሁሉ ምስጋና ተረሳ። ከተዘረፈውና ከተቃጠለው ብዙው የንግድ ቤት ነበር።

ክርክሩ የሚጋለው ኮልማን ያንግ ላይ ሲደርስ ነው። የከተማይቱ የመጀመሪያው ጥቁር ከንቲባ ሲሆኑ፣ በ1974 ጀምረው አምስት ጊዜ ተመርጠው እስከ 1994 ቈይተዋል። አንደበታቸው የማይመለስ፣ ከአጎራባች ከተሞች ሹማምንት ጋር ዘወትር የሚጋጩ ሰው ነበሩ። ኤድዋርድ ግሌዘርና አንድሬ ሽላይፈር የተባሉ ሁለት የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚ ሊቃውንት በ2005 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ አንድ ከንቲባ የማይመርጡትን ሰዎች ከከተማ የሚያስወጣ አመራር ቢከተል፣ ከተማው ቢደኸይም የእርሱ ወንበር ሊጸና እንደሚችል አስረድተዋል። ለዚህም የቦስተኑን ከንቲባ ጄምስ ከርሊን ዋና ምሳሌ ሲያደርጉ፣ ያንግን ደግሞ በተጨማሪነት ጠቅሰዋል።

ሐሳቡ ብልኅ ነው፤ ከቀኑ ጋር ግን በሚገባ አይስማማም። ነጩ ሕዝብ በብዛት መውጣት የጀመረው ያንግ ከመመረጣቸው ሃያ ዓመት በፊት ነው። የሒሳቡም መዝገብ ሌላ ነገር ይናገራል። በ1981 በጀቱ እጅግ በጐደለ ጊዜ ያንግ የገቢው ግብር ከመቶ 2 ወደ ከመቶ 3 ከፍ እንዲል ሕዝቡን በድምፅ አስፈቅደዋል፤ የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኞችም የደመወዝ ጭማሪ እንዳይጠይቁ አስማምተዋል፤ የሠራተኛውንም ቍጥር ቀንሰዋል። ዲትሮይት ፍሪ ፕሬስ የተባለው ጋዜጣ በ2013 የብዙ ዓመታት ሒሳብ መርምሮ ባወጣው ጽሑፍ፣ ወጪን በመቈጠብ ያንግ ከሌሎቹ እንደሚበልጡ ገልጧል። በርግጥ ይህ ግብር ያለ ጉዳት አልቀረም፤ በከተማይቱ የሚኖር ሰው ከመቶ 3 ሲከፍል፣ ድንበሩን ተሻግሮ በዚያው የሚኖርና የሚሠራ ጎረቤቱ ለዲትሮይት ምንም አይከፍልም ነበርና።

ያንግን ልንወቅሳቸው የሚገባን በሌላ ነገር ነው። በ1980 ጄኔራል ሞተርስ አዲስ ፋብሪካ የሚያቆምበት ሰፊ መሬት ሲጠይቅ፣ ከተማይቱ ፖልታውን የሚባለውን ሰፈር ገዝታና አፍርሳ አስረከበች። ከ4,000 በላይ ሰዎች፣ ከ140 በላይ የንግድ ቤቶችና አብያተ ክርስቲያናት ተነሡ። የሚቺጋን ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1981 ይህን ፈቀደ፤ ያው ፍርድ ቤት በ2004 በሌላ ጉዳይ ፍርዱን ሽሮ፣ መሬትን ከአንዱ ባለንብረት ወስዶ ለሌላ ኩባንያ መስጠት እንደማይገባ ወሰነ። ስድስት ሺሕ ሠራተኛ ይይዛል ተብሎ የነበረው ፋብሪካ በ1985 ሥራ ጀመረ፤ የተባለውን ያህል ሰው ግን አልያዘም። ኮቦን አጥብቀው ይነቅፉ የነበሩ ብዙዎች ይህን ደግፈው ነበር።

ዴኒስ አርቸር ከያንግ በኋላ መጥተው ከአጎራባቾቹ ጋር ሰላም አወረዱ። በ1998 ከሚቺጋን ግዛት መንግሥት ጋር በተደረገው ስምምነት ከተማይቱ የገቢ ግብሯን በየዓመቱ ጥቂት በጥቂት ልትቀንስ፣ ግዛቱ በበኩሉ በየዓመቱ 333.9 ሚሊዮን ዶላር ሊሰጣት ተወሰነ። ከተማይቱ ግብሯን መቀነስ ጀመረች። ግዛቱ ግን ጥቂት ዓመታት ቈይቶ የራሱ ገቢ ሲያንስ ክፍያውን ቀነሰ። ያለ ዋስ የተደረገ ውል መጨረሻው ይኸው ነው።

ከሁሉ ይልቅ የተወሳሰበው የክዋሜ ኪልፓትሪክ ጉዳይ ነው። በ2002 ከንቲባ ሆነው በ2008 ሥልጣናቸውን ለቀቁ፤ በ2013 በሙስና 28 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው፤ በ2021 ፕሬዚዳንት ትራምፕ የቀረውን እስራት አነሡላቸው። ጉቦው በአደባባይ ስለ ታወቀ ከተማይቱን ያከሰራት እርሱ ይመስላል። ነገር ግን እጅግ ያስከፈላት በ2005 የተፈረመው ሕጋዊ ውል ነው። የሠራተኞችን የጡረታ ገንዘብ ለመሙላት 1.4 ቢሊዮን ዶላር ያህል ተበደሩ፤ በሕግ ከተፈቀደው የዕዳ ወሰን ላለማለፍም ብድሩ ለዚሁ ሲባል በተቋቋሙ ድርጅቶች በኩል ተወሰደ። ከብድሩ የሚበዛው ክፍል ወለዱ ተለዋዋጭ ስለ ነበር ከባንኮች ጋር ሌላ ውል ታከለበት፤ ወለድ ከተወሰነው መጠን በላይ ሲወጣ ባንኮቹ ለከተማው፣ ሲወርድ ግን ከተማው ለባንኮቹ ይከፍላል የሚል ነበር። በ2008 በዓለም ላይ የገንዘብ ቀውስ ደርሶ ወለድ ወደ ዜሮ ተጠጋ። ከተማይቱ ልትከፍል ከማትችልበት ስለ ደረሰች በ2009 ከቁማር ቤቶች የምትሰበስበውን ግብር በመያዣነት ሰጠች። ይህን ውል በ2005 የከተማው ምክር ቤት አጽድቆት ነበር፤ በገንዘብ ነጋዴዎች ዘንድም ሽልማት አግኝቶ ነበር።

በኪሳራው ፍርድ መጨረሻ፣ በ2014፣ 7 ቢሊዮን ዶላር ያህል ዕዳ ተሰረዘ። የሙዚየሙ ሥዕሎች እንዳይሸጡ በጎ አድራጊ ድርጅቶችና ግዛቱ ገንዘብ አዋጡ። የተራው የማዘጋጃ ቤት ጡረተኛ አበል ግን ከመቶ 4.5 ተቀነሰ፤ በኑሮ ውድነት ምክንያት የሚታሰብለት ዓመታዊ ጭማሪም ቀረበት። ውሉን የፈረመ ከንቲባም ሆነ ያጸደቀ የምክር ቤት አባል ስለ ውሉ ከኪሱ የከፈለው የለም። ማይክ ደገን በ2014 ከንቲባ ሲሆኑ ከተማይቱን የተረከቡት በዚህ ሁኔታ ነው። በ2024 የወጣው የሕዝብ ግምት በ2023 ነዋሪው ከብዙ ዐሥርተ ዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በጥቂቱ እንደ ጨመረ አሳየ። ምስጋናው የደገን ነው ወይስ ዕዳውን የሰረዘው ዳኛ የሚለውም በበኩሉ ሌላ ክርክር ሆኗል።

ሄስቲንግስ ጎዳና ከነበረበት መሬት በከፊሉ የሚያልፈውን፣ ከመሬት ዝቅ ብሎ የተቈፈረውን አጭር አውራ ጎዳና ሞልቶ እንደገና ሱቅ የሚከፈትበት ተራ ጎዳና ለማድረግ የፌዴራሉ መንግሥት በ2022 ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰጥቶ ነበር። በ2025 የወጪው ግምት እጅግ ስለ ጨመረ ሥራው እንዲቆም ተደረገ።