አዙሪት፦ በበግ አንጎል ውስጥ የሚያድገው የውሻ ኮሶ ትል

በመንዝ፣ መሐል ሜዳ አካባቢ በግ የሚያረባ ገበሬ አዙሪትን ለመለየት ሐኪም አይጠብቅም። በጉ ከመንጋው ይነጠላል፤ አንገቱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ባለበት ይሽከረከራል፤ ሣር ከፊቱ እያለ አይግጥም፤ ከድንጋይ ካብ ጋር ይላተማል።

ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በዚህ ደጋ፣ ገብሱን ውርጭ ሲመታው ቤተሰብ የሚደገፈው በበግ ነው። ባለ ላቱ የመንዝ በግ ብርዱን ችሎ ያድጋል፤ ከፀጉሩም በርኖስና ባና ይሠራል። አንድ በግ በአዙሪት ሲያዝ የሚጎድለው የቤት ወጪ ነው።

የበሽታው መነሻ በውሻ አንጀት ውስጥ የሚኖር ቴኒያ መልቲሴፕስ የተባለ የኮሶ ትል ነው። እንቁላሎቹ ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር ሜዳ ላይ ይወድቃሉ፤ በጉም ከሣሩ ጋር ይውጣቸዋል። የተፈለፈለው እጭ የአንጀቱን ግድግዳ ሰርስሮ ደም ውስጥ ይገባል። አንጎል ወይም ሕብለ ሰረሰር የደረሰው ያድጋል፤ ሌላ ቦታ የቀረው ይሞታል።

እጩ በወራት ውስጥ የዶሮ እንቁላል ሊያክል የሚችል ከረጢት ይሆናል። የታመመው በግ ታርዶ ራስ ቅሉ ሲፈለጥ ከረጢቱ በዓይን ይታያል፦ ስስ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ጥርት ያለ ፈሳሽ የቋጠረ፣ ግድግዳው ላይ ነጫጭ ነጥቦች የተኮለኮሉበት። እያንዳንዱ ነጥብ የአንድ ትል ራስ ነው፤ በአንድ ከረጢት ውስጥ ከመቶ በላይ ሊገኙ ይችላሉ።

በጉ ብዙ ጊዜ የሚዞረው ከረጢቱ ወዳለበት ጎን ነው፤ የሚታወረው ግን በተቃራኒው በኩል ያለው ዓይን ነው። ከረጢቱ ወደ ላይ ከተጠጋ አጥንቱ እየሳሳ ሄዶ በጣት ሲጫኑት ይረግባል። የእንስሳት ሐኪም በዚያ ቦታ ከፍቶ ሊያወጣው ይችላል። ገበሬው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሳይሞትበት ያርደዋል።

አደጋው እዚህ ላይ ነው። ሥጋው ለሰው ሲሆን ጭንቅላቱ ለውሻ ይጣላል። ከረጢቱን የበላ ውሻ ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ እንቁላል መጣል ይጀምራል፤ ያው ውሻ መንጋውን ተከትሎ ግጦሽ ላይ ይውላል።

አዙሪት በውሻ በኩል ካልሆነ ከበግ ወደ በግ አይተላለፍም፤ ስለዚህ መግታት ይቻላል። የታረደውን በግ ጭንቅላት ማቃጠል ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት መቅበር ያስፈልጋል። ለውሾችም ፕራዚኳንቴል የተባለ መድኃኒት ይሰጣል፤ ግጦሹ የጋራ በመሆኑ የመንደሩ ውሾች ሁሉ በአንድ ጊዜ ቢወስዱት ይመረጣል። መድኃኒቱ ትሉን እንጂ እንቁላሉን አይገድልም፤ ስለዚህ ውሻው ለሁለት ሦስት ቀን ታስሮ ዓይነ ምድሩ መቀበር አለበት።