ከቦይደሙ በላይ የሚሮጠው ማን ነው?

ሌሊት ከጣሪያ በታች የሚሮጥ ነገር ሰምታችሁ ታውቁ ይሆናል። መጀመሪያ ነፋስ ይመስላል። ከዚያ የላይኛው ጎረቤት ልጅ ይመስላል፤ ከእናንተ በላይ ጎረቤት እንደሌለ ትዝ እስኪላችሁ ድረስ። ቀጥሎ መቧጠጥ፣ ከዚያም እንጨት የመቆርጠም ድምፅ ይመጣል። ያን ጊዜ ማን እንደሆነ ይገባችኋል።

ባለፈው ክረምት በመስክ ልምምዳችን የምንጎበኛቸው አንዲት እናት ይህን ድምፅ ሦስት ወር ሙሉ ለማንም ሳይናገሩ አዳምጠውታል። ስማቸውንና ከተማቸውን አንጽፍም፤ ታሪኩን እንድንጽፍ ግን ፈቅደውልናል። እኛ የሄድነው የቢቱዋሕ ሌኡሚ ቅጽ ልንሞላላቸው ነበር። ቡና እያፈሉ ሳለ ኮርኒሱ ላይ አንድ ነገር ሮጠ፤ እሳቸው ራዲዮኑን ከፍ አደረጉት። «እማማ፣ ምንድን ነው?» ስንላቸው «ምንም አይደለም ልጆቼ፣ ጠጡ» አሉን። የነገሩን በሦስተኛው ጉብኝት ነው። ልጃቸው «ሕፃኑን ቢነክሰውስ» ብላ የሁለት ዓመት ልጇን ይዛ መምጣት አቁማለች። ለቫአድ ባይት ለመናገር ደግሞ «የኢትዮጵያውያኑ ቤት አይጥ አለበት ይላሉ» ብለው ፈርተዋል።

ይህን ፍርሃት ብዙዎቻችን ከየቤታችን እናውቀዋለን። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይህን እንበል፤ አይጥ ጣሪያ ላይ የሚወጣው ሰዎቹ ስለቆሸሹ አይደለም። ቀዳዳ፣ ምግብና ዛፍ ስላገኘ ነው። በዚያ አሮጌ ሺኩን አንዱ የሸክላ ጣሪያ ስምንት ቤቶችን ይሸፍናል። ኋላ በየበሩ እያንኳኳን ስንጠይቅ አምስቱ ቤቶች ድምፁን ይሰሙ ነበር፤ አምስቱም ዝም ብለዋል። የተለያየ አገር ሰዎች ናቸው፤ ሐፍረቱ ግን አንድ ነው።

እኛም መጀመሪያ የሠራነው ሥራ የሚያኮራ አልነበረም። አንድ ፓኬት መርዝ ገዛን፤ ከጎረቤት ደግሞ የሙጫ ሰሌዳ ተቀበልን። ሙጫው ላይ በመጀመሪያዋ ሌሊት አንዲት አይጥ ተያዘች። እማማ እስኪነጋ ጩኸቷን ሲሰሙ አደሩ። ጠዋት ደውለው «ምን ዓይነት ነገር ነው ያመጣችሁብኝ? ጠላቴም ቢሆን እንዲህ አይሙት» አሉን። ሄደን ስናያት እግሯን ለማላቀቅ ራሷን ነክሳ ነበር። ከዚህ በላይ አንተርከውም። እንግሊዝ ውስጥ ከ2024 ጀምሮ ተራ ሰው በሙጫ ወጥመድ አይጥ ቢይዝ በሕግ ያስጠይቀዋል፤ እኛ ሕጉን ሳናነብም ምክንያቱ ገብቶናል። በዚህ አገርም በ1994 የወጣው የእንስሳት ጥበቃ ሕግ እንስሳን ማሠቃየትን ይከለክላል።

የመርዙ ነገር ደግሞ ቀስ ብሎ መጣ። በገበያ ያለው የአይጥ መርዝ አብዛኛው ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነው። አይጧ በልታ ወዲያው አትሞትም፤ ለብዙ ቀናት ውስጥ ውስጡን እየደማች ትዳከማለች። አምራቾቹ ሆን ብለው ነው እንዲህ ያደረጉት፤ አይጥ ተጠራጣሪ ስለሆነች ወዲያው የሚያሳምማትን ነገር ደግማ አትቀምስም። ሞታ የምትገኘው ግን እኛ በመረጥንላት ቦታ አይደለም። የእማማዋ በግድግዳና በኮርኒስ መካከል ሞተች፤ ሽታው ለሰንበት ደረሰ። እንግዶቻቸውን «ታምሜአለሁ» ብለው መለሱ። ከሳምንት በኋላ ደግሞ ግቢ ውስጥ ትኖር የነበረች ድመት ሞታ ተገኘች። በእኛ መርዝ ነው ብለን መማል አንችልም፤ አይደለም ብለንም መማል አንችልም። የተመረዘች አይጥ እየተንገዳገደች ስለምትሄድ ለድመትና ለጉጉት ቀላል አደን ናት፤ መርዙም ወደ በሏት ይተላለፋል። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ ጉጉት የእኛው ወገን መሆኗ ነው። በቤት ሸአን ሸለቆ የሚገኘው ስዴ ኤሊያሁ ኪቡጽ ከ1983 ጀምሮ የጉጉት ጎጆ ሳጥን እየሰቀለ የእርሻውን አይጥ በጉጉት ሲያስጠብቅ ኖሯል፤ ሐሳቡም ኋላ ወደ ዮርዳኖስና ወደ ፍልስጥኤማውያን ገበሬዎች ተሻግሯል።

ሕፃን ባለበት ቤት መርዝ ማስቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ልጅ ከበላ ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ፤ ምልክቱ ከቀናት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ፓኬቱን ይዛችሁ ወደ 101 ወይም በሐይፋ ራምባም ሆስፒታል ወዳለው የመርዝ መረጃ ማዕከል ደውሉ፤ ቀንም ሌሊትም ይመልሳሉ። መድኃኒቱ ቫይታሚን ኬ ነው፤ ሐኪም በጊዜ ከሰጠው ይሠራል።

ከዚህ በኋላ ነው ቁጭ ብለን ጠላታችን ማን እንደሆነ መማር የጀመርነው። ቦይደም ከይዲሽ የመጣ ቃል ነው፤ ወላጆቻችን ግን አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም፤ ቆጥ ነዋ! በቆጥ የምትኖረው ሑልዳ ብዙ ጊዜ ጥቁሯ አይጠ መጎጥ ናት። ቀጠን ያለች፣ ጆሮዋ ትልቅ፣ ጅራቷ ከአካሏ የሚረዝም፣ ገመድ ላይ እንደ ልቧ የምትሄድ ናት። ሌላዋ፣ ወፍራሟና ጅራተ አጭሯ፣ መሬት ቆፍራና በፍሳሽ ቦይ ውስጥ መኖር ትወዳለች። ልዩነቱ ጥቅም አለው፤ በጥቁሯ የተጠቃ ቤት መመርመር ያለበት ከላይ ወደ ታች ነው። እርግዝናዋ ሦስት ሳምንት ያህል ነው፤ በአንድ ጊዜ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት ትወልዳለች። ስለዚህ «ይለፍ፣ ራሷ ትሄዳለች» የሚለው አይሠራም።

ብልህ ናት ብንል እንዳትስቁ። በዚህ አገር የጥድ ደኖች የሚኖሩ ጥቁር አይጦች የጥዱን ፍሬ እየላጡ ዘሩን ይበላሉ። ልጣጩን ከታች ጀምረው እየዞሩ ነው የሚያነሡት፤ በሌላ መንገድ ከሞከሩት ከሚያገኙት ይልቅ የሚደክሙት ይበልጣል። የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት ይህን ብልሃት በደመ ነፍስ አያውቁትም፤ ግልገሎቹ የሚማሩት ከእናታቸው ጋር ሆነው፣ እሷ የጀመረችውን ፍሬ እየጨረሱ ነው። ይህን ያነበብን ዕለት ከመካከላችን አንዷ «እኛስ እንጀራ መጋገር እንዴት ተማርን?» አለች። አይጧን ከቤት ማውጣታችንን አላስቀረም፤ አወጣጣችንን ግን ለወጠው።

ዋናው ሥራ መግደል ሳይሆን መዝጋት ነው። መግቢያው ካልተዘጋ አሥር ብትይዙ ቦታቸውን ሌሎች አሥር ይወርሱታል። ለጥቁሯ አይጥ አውራ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ይበቃታል። በእማማ ሕንፃ ያገኘናቸው መግቢያዎች እነዚህ ነበሩ፤ ከጣሪያው ጠርዝ የተሰበረ ሸክላ፣ የዶድ ሼሜሽ ቧንቧ የሚገባበት ክፍተት፣ አሮጌ ማዝጋን ከተነቀለ በኋላ ሳይደፈን የቀረ ቀዳዳ፣ እና የተሪስ ሳጥን። መሰላሉ ደግሞ ከግቢው የበቀለ ሎሚ ነበር፤ ቅርንጫፉ ጣሪያውን ይነካ ነበር። ዛፉ አልተቆረጠም። ቅርንጫፉ ብቻ ሁለት ሜትር ያህል ከጣሪያው እንዲርቅ ተደረገ።

በየትኛው ቀዳዳ እንደሚመላለሱ ያወቅነው በእማማ ብልሃት ነው። «እኛ አገር አመድ ነስንሰን ዱካ እናይ ነበር» አሉን። አመድ ስላልነበረ ዱቄት ነሰነስን፤ በማግስቱ የጅራት መስመርና ትናንሽ እግሮች ተሥለው አገኘን። አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጠን ይህን ማንም አልነገረንም።

አሁን ጥንቃቄ የሚፈልገው ነገር መጣ። ቀዳዳውን ሁሉ በአንድ ቀን ብትደፍኑ ውስጥ የቀሩት በረሃብና በውኃ ጥም ይሞታሉ፤ ግልገል ካለ እናቲቱ ውጭ ቀርታ ሕንፃውን ትቆረጥማለች። ስለዚህ ከአንዱ፣ ብዙ ከሚመላለሱበት፣ በቀር ሌላው ሁሉ ይደፈናል። የመድፈኛው ነገር ወሳኝ ነው። ከጣሳ የሚረጨው አረፋ ብቻውን ለአይጥ እንደ ዳቦ ነው፤ ጥርሷ ዕድሜ ልኳን ስለሚያድግ መቆርጠም ግዴታዋ ነው። ድስት የምንፈትግበትን የብረት ሽቦ ጠቅጥቃችሁ በላዩ ሲሚንቶ ምረጉበት፤ አየር ማለፍ ላለበት ቦታ ቀዳዳው ከ6 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ጠንካራ የብረት ወንፊት ምቱበት። በቀረው መውጫ ላይ መውጣት እንጂ መመለስ የማያስችል የአንድ መንገድ በር ይገጠማል። ግልገል የሚንጫጫ ድምፅ ካለ ግን በሩ አይገጠምም፤ ጥቂት ሳምንት ይጠበቃል፤ ግልገሎቹ በአንድ ወር ገደማ ራሳቸውን ችለው ይሄዳሉ። መጨረሻ ላይ መውጫው በተጨማደደ ጋዜጣ ይደፈንና አራት አምስት ሌሊት ይታያል። ጋዜጣው ካልተነካ ለዘለቄታው ዝጉት።

አልወጣ ብላ የምትቀር አንዲት ሁለት ትኖራለች። ለእሷ ከነሕይወቷ የሚይዝ የሽቦ ሳጥን አለ። ሳጥን የምታኖሩ ከሆነ ጠዋትና ማታ ማየት ግዴታችሁ ነው፤ በዚያ ሙቀት ያለ ውኃ የተረሳች አይጥ ከሙጫው አትሻልም። ስትያዝ በጨርቅ ሸፍኗት፤ ትረጋጋለች። የትም ወስዶ ሩቅ መጣል ደግነት ይመስላል፤ ምግብና መደበቂያ በማታውቅበት ቦታ ግን አብዛኛውን ጊዜ ትሞታለች። ቤቱ በትክክል ከተዘጋ እዚያው ግቢው ጫፍ ብትለቋት አትመለስም። እማማ ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሳጥኑን ይዘጉታል፤ በሰንበት ማደንም አይፈልጉም፣ እስከ ቅዳሜ ማታ የምትሠቃይ ፍጥረትም አይፈልጉም።

በዚህ ላይ እኛ እርስ በርሳችን ተከራክረናል። አንዳችን «ሕፃን በሚተኛበት ቤት አይጥ መልቀቅ ቅንጦት ነው» አለ። እውነት አለው። አይጥ በሽንቷ ሌፕቶስፒሮሲስ ታስተላልፋለች፤ በቁንጫዋ ደግሞ የታይፈስ ዓይነት በሽታ በዚህ አገርም አለ። ብዙ ከሆኑና መግደል ካልቀረ ባለ ሞላ ወጥመድ፣ ጠንካራውና አንገት ላይ በአንድ ጊዜ የሚመታው፣ ከመርዝም ከሙጫም እጅግ ይሻላል። ግድግዳ ተጠግቶ፣ ልጅና ድመት በማይነኩት ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ። አይጥ አዲስ ዕቃ ስለምትፈራ መጀመሪያ ጥቂት ቀን ሳይወጠር የለውዝ ቅቤ ተቀብቶበት ይቆይ። ውኃ ውስጥ መድፈቅ ግን፣ ብዙ ሰው ቢያደርገውም፣ ፈጣን ሞት አይደለም። በኤሌክትሪክ የሚጮኸውን መሣሪያና የናና ዘይቱን በተመለከተ፣ ገንዘባችሁን ለሲሚንቶ ብታውሉት ይሻላል።

ቦይደሙን ስታጸዱ በደረቁ አትጥረጉ። መስኮት ከፍታችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ይናፈስ፤ ጓንትና ማስክ አድርጉ፤ አንድ እጅ ኤኮኖሚካ በአሥር እጅ ውኃ በጥብጣችሁ ኩሱን አርጥቡት፤ አምስት ደቂቃ ቆይታችሁ በወረቀት ልቀሙት። እማማ እዚያ ላይ የጤፍ ዱቄትና ሽሮ በጨርቅ ከረጢት አኑረው ነበር። አሁን ክዳኑ በሚገጥም ቆርቆሮ ውስጥ ነው። በርበሬውን አይጦቹ ነክተውት አያውቁም፤ እማማ በዚህ ትንሽ ይኮራሉ።

ክፍያውስ? የጋራ ሕንፃ ጣሪያ በ1969 የመሬት ሕግ የሁሉም ነዋሪ የጋራ ንብረት ነው፤ ጥገናው በቫአድ ባይት በኩል የሁሉም ዕዳ እንጂ የአንዲት መበለት አይደለም። ከግለሰብ የተከራያችሁ ደግሞ ጉድለቱን በጽሑፍ አሳውቁ፤ በ2017 የተሻሻለው የኪራይ ሕግ አከራይ በ30 ቀን ውስጥ፣ አስቸኳይ ከሆነ በ3 ቀን ውስጥ እንዲጠግን ያዛል። ግቢውንና መንገዱን በተመለከተ ወደ ኢሪያው 106 ደውሉና የጥሪውን ቁጥር ጻፉ፤ ያለ ቁጥር የተነገረ ነገር ይረሳል። መድቢር ስትጠሩ የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴር ፈቃዱን እንዲያሳይ ጠይቁ፤ ከዚያም አንድ ጥያቄ ጨምሩ፤ «መርዝ ከማስቀመጥህ በፊት ቀዳዳውን ታሳየኛለህ?» ወላጆቻችሁ ዕብራይስጥ ካስቸገራቸው ስልኩን እናንተ ያዙ፤ ንግግሩ ግን በእነሱ ፊት፣ እየተረጎማችሁላቸው ይሁን። ቤቱ የእነሱ ነው።

የእማማ ሕንፃ ስብሰባ ደረጃው ላይ ተደረገ። ማን ጀመረው እንዳይባል ብለን አስቀድመን አምስቱንም ቤት «እናንተም ትሰማላችሁ?» ብለን ጠይቀን ነበርና አንዱም ወደ ሌላው ጣት አልቀሰረም። ሥራው ሦስት ሳምንት ወሰደ። በፋሲካ ልጃቸው ሕፃኑን ይዛ መጥታ ሁለት ሌሊት አደረች። እማማ ግን አሁንም በየሳምንቱ ከቦይደሙ ጠርዝ ላይ አንድ ጭብጥ ዱቄት ይነሰንሳሉ፤ ባለፈው ስንሄድ የነበረበት የሕፃኑ የጣት አሻራ ብቻ ነው፤ ማን አንሥቶ እንዳሳየው አልነገሩንም።