በእናት በኩል ብቻ ስለሚወረስ የመስማት ጉድለት

መነኩሴው ግሬጎር ሜንዴል በብርኖ ገዳም አተር እየዘራ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1866 ያሳተመውን የውርስ ሕግ መምህራን ሁሉ ያውቁታል። በዚህ ሕግ መሠረት ልጅ ለእያንዳንዱ ጠባይ አንድ ዘረመል ከአባቱ፥ አንድ ከእናቱ ይቀበላል። ይህ በብዙው ነገር እውነት ነው፤ በሁሉ ግን አይደለም። ከሕጉ ውጭ ከሚሄዱት መካከል ለቤተሰብ ጤና የሚያስፈልገውን አንዱን በዚህ ወር ልንገልጽ እንወዳለን።

በሰውነታችን ሕዋሳት ውስጥ ማይቶኮንድሪያ የሚባሉ፥ ምግብን ወደ ኃይል የሚለውጡ ጥቃቅን ክፍሎች አሉ። እነዚህም ከሕዋሱ አስኳል የተለዩ 37 የራሳቸው ዘረመሎች አሏቸው። በፅንስ ጊዜ ከአባት ዘር ጋር የሚገቡት ስለሚጠፉ፥ ልጅ ማይቶኮንድሪያን የሚወርሰው ከእናቱ ነው። እናት ለወንዱም ለሴቱም ታወርሳለች፤ ለልጅ ልጅ የሚያሻግሩት ግን ሴቶቹ ብቻ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1993 ተመራማሪዎች በዚህ መስመር የሚተላለፍ አንድ ትንሽ ለውጥ መኖሩን አስታወቁ። ለውጡ ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ ደኅና ይሰማል። ነገር ግን ስትሬፕቶማይሲን፥ ጄንታማይሲን ወይም ካናማይሲን በመርፌ ሲሰጠው፥ መጠኑ ልክ ቢሆንም እንኳ ጆሮው ሊጠፋ ይችላል። ምክንያቱም እንዲህ ነው። እነዚህ መድኃኒቶች ባክቴሪያን የሚገድሉት ፕሮቲን የሚሠራበትን ክፍል በመያዝ ነው። ማይቶኮንድሪያም ከጥንት ባክቴሪያ የመጣ ስለ ሆነ ተመሳሳይ ክፍል አለው፤ የተባለው ለውጥ ሲኖርበት ደግሞ የባክቴሪያውን ይበልጥ ይመስላልና መድኃኒቱ ወዳጁን ከጠላቱ ሳይለይ ይይዘዋል። በውስጠኛው ጆሮ ድምፅ የሚቀበሉት ሕዋሳት አንድ ጊዜ ከሞቱ ዳግመኛ አይተኩም።

ይህን የምንጽፈው ሰው ከመርፌ እንዲሸሽ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1943 የተገኘው ስትሬፕቶማይሲን የሳንባ ነቀርሳን ያሸነፈ የመጀመሪያው መድኃኒት ነው፤ ጄንታማይሲንም የብዙ አራስ ሕፃናትን ነፍስ አትርፏል። ደግሞም መድኃኒቱ በብዛት ወይም ለረጅም ጊዜ ሲሰጥ፥ ወይም ኩላሊት ሲደክም፥ ይህ ውርስ የሌለበትንም ሰው ጆሮ ይጎዳል።

እንግዲህ የሚያስፈልገው መጠየቅ ነው። በአገራችን ሰው በአባቱ ስም ስለሚጠራ የእናት መስመር ከመዝገብ ይሰወራል፤ ስለዚህ አያትን፥ አክስትንና የእናት ወንድምን መጠየቅ ይገባል። ከእነርሱ መካከል ከመርፌ በኋላ መስማት የተሳነው ካለ፥ መድኃኒት ከመታዘዙ በፊት ለሐኪም ይነገር፤ ሐኪሙም በብዙው ጊዜ ሌላ መድኃኒት ሊመርጥ ይችላል።

መምህራንም ታሞ ከታከመ ወዲህ መስማት የተሳነው ተማሪ ሲያገኙ፥ እናቱን አስጠርተው ይህን ቢያስረዱ መልካም ነው። በአባት ብቻ የሚገናኙት ወንድሞቹና እኅቶቹ በእርሱ ምክንያት አያሰጋቸውም። የእናቱ ልጆችና የእኅቶቿ ልጆች ግን ጉዳዩ በሕክምና ካርዳቸው ላይ እንዲጻፍላቸው ያስፈልጋል።