ጭቃ ውስጥ የሚተነፍስ ሥር

ክረምቱ ሲጋመስ ከወረታ ወጣ ብላችሁ አንድ የሩዝ ማሳ ዳር ቁሙ። የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ሜዳው ላይ ተኝተዋል፤ ዋልካው እግር ይዞ አልለቅም ይላል። ሽምብራ እዚህ ቢዘራ ሥሩ ታፍኖ ይበሰብስ ነበር። በ1970ዎቹ ሰሜን ኮሪያውያን ባለሙያዎች ያስለመዱት ሩዝ ግን ለምልሟል።

አንዱን ነቅላችሁ ሥሩን እጠቡት። አዲስ ያደገው ጫፍ ነጭ ነው። ከፍ ብሎ ያለው ግን ዝገት የመሰለ ሽፋን ለብሷል። የመሰለ አልኩ እንጂ፣ እውነትም ዝገት ነው። አየር ባለበት አፈር ብረት ከኦክስጅን ጋር ተጣብቆ ጠጣር ሆኖ ይቀመጣል። ጎርፉ አየሩን ሲያባርረው ግን ባክቴሪያዎች በኦክስጅን ፈንታ በብረቱ መጠቀም ይጀምራሉ፤ ብረቱም ተለውጦ ውኃው ውስጥ ይሟሟል። ጥቂቱ ለተክል ምግብ ነው፤ ሲበዛ መርዝ። ሩዝ ከቅጠሉ ወደ ሥሩ አየር ያወርዳል፤ ከሥሩ ሾልኮ የሚወጣው ኦክስጅን የሟሟውን ብረት ደጃፍ ላይ ያዘገዋል።

አየሩ በምን ይወርዳል? ሥሩን በምላጭ አቋርጣችሁ በአጉሊ መነጽር ብታዩት ውስጡ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው። ሩዝ ቀዳዳውን በደረቅ መሬትም በመጠኑ ይሠራል፤ ውኃ ሲከበው የሚያሰፋለት ኤቲሊን የሚባል በጋዝ መልክ ያለ ሆርሞን ነው። እናቶቻችን ጥሬ አቮካዶ ጤፍ ውስጥ ቀብረው ሲያበስሉ አፍነው የሚያስቀሩት ይኸንኑ ጋዝ ነው። ጎርፉም የሚያደርገው ያንኑ ነው። ጋዝ በውኃ ውስጥ የሚሰራጨው በአየር ውስጥ ከሚሰራጨው 10,000 ጊዜ ያህል ዘግይቶ ስለሆነ ኤቲሊኑ መውጫ አጥቶ ሥሩ ውስጥ ይጠራቀማል። ያኔ የተወሰኑ ሴሎች በሥርዓት ይሞታሉ፤ ባዶ ቦታቸው የአየር ቧንቧ ይሆናል።

ይኸው ጋዝ ሌላ ቦታ ደግሞ ሥርን ያሰናክላል። ሁለቱ ወንዞች ወደሚነሡበት ወደ ጉና ተራራ ውጡ፤ በዚያ ባለው የፋርጣ ደጋ ብዙው አፈር አሲዳማ ነው። ፒኤች ከ5.5 ሲወርድ፣ በወትሮው ጸጥ ብሎ የሚኖረው አሉሚኒየም መሟሟት ይጀምራል። ሥሩ ሲነካው ኤቲሊን ያመርታል፤ ኤቲሊኑ ደግሞ ጫፉ አካባቢ ኦክሲን ይከምራል። ይህ በግልጽ የታየው አራቢዶፕሲስ በምትባል የቤተ ሙከራ ተክል ላይ ነው።

ኦክሲን የሆላንዱ ፍሪትስ ዌንት በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከአጃ ቡቃያ ጫፍ የለየው የእድገት ሆርሞን ነው። የእድገት ሆርሞን ሲከመር ሥር እንዴት ይቆማል? ለእኔ ከነገሩ ሁሉ የሚገርመው ይህ ነው። ሥር ለኦክሲን እጅግ ስሱ ነው፤ ግንድን የሚያስረዝመው መጠን ሥርን ይገታል። በዚያ አሲዳማ አፈር የተዘራ ገብስ ሥሩ አጥሮ፣ ወፍሮ፣ ተሰባሪ ሆኖ ይቀራል፤ ከታች እርጥበት እያለ ገብሱ ይጠማል።

መድኃኒቱ ኖራ ነው። ኖራ አሉሚኒየሙን ከአፈሩ አያወጣውም፤ አሲዱን ሰብሮ መልሶ ጠጣር ያደርገዋል እንጂ። ችግሩ ለአንድ ሄክታር የሚያስፈልገው በቶን የሚቆጠር መሆኑ ነው፤ ያ ሁሉ ደግሞ በአህያ ዳገት መውጣት አለበት።