ዓሣን ማርባትም በብልሃት ነው
አገር ቤት ገብቶ ለመሥራት ለሚያስብ ወገን

“ዓሣን መብላት በብልሃት ነው” ይላል ያገራችን ሰው። ማርባቱ ግን ከመብላቱም የበለጠ ብልሃት ይጠይቃል። በዋሽንግተንና አካባቢዋ የሚኖረው ወገናችን ጥቂት ጥሪት ሲይዝ አገር ቤት ገብቶ ምን እንደሚሠራ ማውጠንጠኑ የተለመደ ነው። የዓሣ እርባታ ለሚያስብ ሰው፣ ገንዘቡን ከማፍሰሱ በፊት ጎረቤታችን ያለውን ማየት ይበጀዋል።

በደቡብ ቨርጂኒያ በማርቲንስቪል ከተማ ብሉ ሪጅ አኳካልቸር የተባለ ኩባንያ አለ። እ.ኤ.አ. በ1993 የተመሠረተ ሲሆን፣ የጣናና የዝዋይ ቆሮሶ ዘመድ የሆነውን ቲላፒያ በጣሪያ ሥር ያረባል። በዓመት 4 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ዓሣ ከነሕይወቱ እየጫነ ወደ ዋሽንግተን፣ ኒውዮርክና ቶሮንቶ ሲልክ ቆይቷል። ሐይቅም ወንዝም የለውም። ያው ውኃ እየተጣራ ተመልሶ ወደ ገንዳው ይገባል።

ታዲያ ምሥጢሩ ምንድን ነው? ዓሣ ከበላው ፕሮቲን የሚተርፈውን ናይትሮጅን በአብዛኛው በሚተነፍስበት በስንጥቡ በኩል አሞኒያ አድርጎ ያስወጣዋል። 32 ከመቶ ፕሮቲን ካለው 1 ኪሎ መኖ 30 ግራም ገደማ የአሞኒያ ናይትሮጅን ይወጣል። ሰፊ ሐይቅ ውስጥ ይህ ይበተናል። በገንዳ ውስጥ ግን ዓሣው በገዛ ቆሻሻው ተመርዞ ያልቃል።

ከዚህ የሚያድነው ባዮፊልተር ነው። ማጣሪያ ሲባል ብዙዎቻችን ወንፊት ይመስለናል፤ አይደለም። ባዮፊልተር በአሸዋ ወይም በትንንሽ ፕላስቲኮች ላይ የተጣበቁ ባክቴሪያዎች የሚኖሩበት ቤት ነው። አንደኛው ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጣል። ናይትራይትም የዓሣው ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም የሚያደርግ መርዝ በመሆኑ፣ ሁለተኛው ወገን ተቀብሎ ጉዳቱ እጅግ ያነሰ ናይትሬት ያደርገዋል። ናይትሬቱ የውኃውን ጥቂት በመቀየር ይወገዳል።

እነዚህ ሠራተኞች ቀለብ ይሻሉ። 1 ግራም የአሞኒያ ናይትሮጅን ለመለወጥ 4.6 ግራም ገደማ ኦክስጅን ይፈጃሉ። ውኃውንም አሲድ እያደረጉት ስለሚሄዱ ሶዳ ካልተጨመረበት ሥራቸው ይዳከማል። አዲስ ባዮፊልተር ሥራውን እስኪይዝ ደግሞ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይፈልጋል። ሪባን በተቆረጠ ማግስት ገንዳውን በዓሣ የሞላ ሰው የሚሰበስበው ሬሳ ነው። ባክቴሪያ በመመሪያና በትእዛዝ አይሠራም።

ትምህርቱን እዚሁ ቤዝመንት ውስጥ በአንድ ትንሽ ገንዳ መጀመር ይቻላል። ግን የቧንቧችሁን ውኃ እወቁ። በሲልቨር ስፕሪንግ የሚቀዳው ውኃ የሚታከመው በክሎሪን ነው፤ አየር ሲነፋበት ክሎሪኑ ይወጣል። አሌክሳንድሪያ የሚደርሰው የፌርፋክስ ወተር ውኃ ግን፣ በስፕሪንግ ካሉት ጥቂት ሳምንታት በስተቀር፣ ከክሎሪንና ከአሞኒያ በተሠራ ክሎራሚን የታከመ ነው። ይህ በማሳደር ብቻ አይለቅም። ማምከኛ ሲጨመርበትም ክሎሪኑ ጠፍቶ አሞኒያው ሊቀር ስለሚችል፣ ያን ዕዳ የሚከፍለው ባዮፊልተሩ ነው።

አገር ቤት ሲገባ ከሁሉ በፊት የሚነሣው ጥያቄ የመብራት ነው። ዓሣ በታጨቀበት ገንዳ ፓምፑ ከቆመ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ዓሣው ሊያልቅ ይችላል። ስለዚህ ተጠባባቂ ጄኔሬተር፣ የአሞኒያና የናይትራይት መለኪያ፣ ሌሊትም የሚጠብቅ የሠለጠነ ሰው ሳይኖር ባለ ብዙ ሺህ ዶላር መሣሪያ ጭኖ መሄድ ከንቱ ድካም ነው። መብራት በማያስተማምንበት ስፍራ በአፈር የተቆፈረ ኩሬ ይሻላል። ምርቱ ቢያንስም፣ በኩሬው ውስጥ የሚበቅለው አልጌ አሞኒያውን ያለ ፓምፕ ይወስዳል። ሰበታ ያለው የዓሣ ምርምር ማዕከል ባለሙያዎችን አስቀድሞ ማማከርም ወጪ ያድናል።

ወገን፣ ዓሣውን ከመግዛታችሁ በፊት ባክቴሪያውን አርቡ። እሱ ከሰነበተ ዓሣው ይሰነብታል።