ሙለር ሁሉ ዘመድ አይደለም

የጀርመንን እግር ኳስ የሚከታተል ሰው ይህን ጥያቄ አንስቶ ያውቃል፦ ገርድ ሙለርና ቶማስ ሙለር ምን ይዛመዳሉ? ሁለቱም ለባየርን ሙኒክ የተጫወቱ ጎል አዳኞች ናቸው። ሁለቱም ለብሔራዊ ቡድኑ 13 ቁጥር ለብሰዋል። ገርድ እ.ኤ.አ. በ1974 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የማሸነፊያዋን ጎል አስቆጠረ፤ ቶማስ በ2010 የዓለም ዋንጫ ኮከብ ጎል አግቢ ሆነ። አያትና የልጅ ልጅ ቢመስሉም ምንም ዝምድና የላቸውም።

እኛ በአባት ስም የምንጠራ ሰዎች ከስም ቀጥሎ የሚመጣውን ስም ከወላጅ ለይተን ማየት ይከብደናል። የጀርመን የቤተሰብ ስም ግን አመጣጡ ሌላ ነው። ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በራይን ወንዝ አካባቢና በደቡብ የነበሩ ከተሞች ሲያድጉ፣ ሃንስና ሃይንሪሽ የሚባለው ሰው በዛ። ግብር የሚመዘግበው ጸሐፊ ሰዎቹን የሚለይበት ነገር ፈለገ፤ ሥራቸውን ከስማቸው ቀጥሎ ጻፈ። ሙለር ማለት ባለ ወፍጮ ነው።

ብዙዎች «ሙለር የበዛው ወፍጮ ፈጪ ስለበዛ ነው» ይላሉ። ቢሆንማ ኖሮ አንደኛው ስም ባወር፣ ማለትም ገበሬ፣ በሆነ ነበር፤ የዚያ ዘመን ሕዝብ አብዛኛው አራሽ ነበርና። ነገር ግን ሁሉም በሚያርስበት መንደር «ገበሬው ሃንስ» ማለት ማንንም አይለይም። «ባለ ወፍጮው ሃንስ» ሲባል ግን የሚሳሳት የለም። ወፍጮው ደግሞ በየአካባቢው ነበር፤ ጌቶች ጭሰኞቻቸው በእነሱ ወፍጮ ብቻ እንዲያስፈጩ ያስገድዱ ስለነበር። ስለዚህ ስሙ ከአንድ ቤት ወጥቶ አልተሰራጨም፤ በየመንደሩ ለየብቻው ተወለደ። ለእኔ የጉዳዩ ቁልፍ ይህ ነው።

«ትክክለኛው አጻጻፍ አንድ ነው» የሚለውም አያስኬድም። በሰሜን ሞለር፣ በደቡብ በባየርን ሽቫበን ሚለር ይባላል፤ የተማሩት ደግሞ ወደ ላቲን መልሰው ሞሊቶር ብለውታል። የቤተ ክርስቲያን መዝጋቢ እንደሰማው ይጽፍ ስለነበር፣ አንድ ሰው በአንድ ፊደል ተጠምቆ በሌላ ፊደል ሊቀበር ይችል ነበር። አጻጻፉ የጸናው በ1876 በመላው ጀርመን የመንግሥት የክብር መዝገብ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ነው።

ስም ደምን የማያሳይ ለመሆኑ ሌላ ሙለር እጠቅሳለሁ። ዲተር ሙለር በ1976 የአውሮፓ ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ፣ ለብሔራዊ ቡድኑ በተሰለፈበት የመጀመሪያ ጨዋታ፣ ተቀይሮ ገብቶ ዩጎዝላቪያ ላይ ሦስት ጎል አገባ። ሲወለድ ስሙ ካስተር ነበር፤ ሙለር የእንጀራ አባቱ ስም ነው።

ዛሬ ከመቶ ጀርመናውያን አንዱ ገደማ ሙለር ይባላል። ሽሚት (አንጥረኛ)፣ ሽናይደር (ልብስ ሰፊ) እና ፊሸር (ዓሣ አጥማጅ) ይከተሉታል። በስዊዘርላንድም ሙለር አንደኛ ነው፤ በኦስትሪያ ግን ግሩበር ይቀድማል። ደረጃው በአቆጣጠር ይለዋወጣል፦ በአራት ዓይነት ፊደል የሚጻፈው ማየር ተደምሮ ቢቆጠር አሁን ካለበት ከፍ ይላል።

አሜሪካ ውስጥ በ2010 ቆጠራ ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ሰው ሚለር ይባል ነበር። ይህን ሁሉ የጀርመን ዘር ማድረግ ስህተት ነው፤ እንግሊዞችም የራሳቸው ሚለር አላቸው። የስደተኞች መግቢያ በነበረችው በኤሊስ ደሴት የሚሠሩ ሹማምንት የስደተኞቹን ስም ቀየሩ የሚባለውም ተረት ነው። እነሱ የሚሠሩት መርከቡ ይዞት በመጣው የተሳፋሪዎች ዝርዝር ነበር። ስማቸውን ብዙውን ጊዜ የቀየሩት ስደተኞቹ ራሳቸው፣ ኑሮ ከጀመሩ በኋላ ነው።

እንግዲህ «የሙለር ቤተሰብ ዓርማ» ብሎ የሚሸጥላችሁ ቢመጣ ገንዘባችሁን አትስጡ፤ ለሁሉም ሙለር የሚሆን አንድ ዓርማ የለም። ጀርመን ውስጥ ዘመድ የምትፈልጉ ከሆነም ከስሙ ሳይሆን ዘመዳችሁ ከተወለደበት ቦታና ቀን ጀምሩ።